በሻይ የሚገባበት ቤትና በፊርማ የሚገባበት ቤት፤ የቻይናና የምዕራባውያን የማርሻል አርት ትምህርት ቤቶች በንጽጽር

ይህን ግምገማ የምጽፈው በሁለቱም ወገን ገንዘብም ጉልበትም ከፍዬ ከተማርኩ በኋላ ነው። በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር፣ በዴንግፌንግ ከተማ ዙሪያ ካሉት የግል የውሹ፣ ማለትም የቻይና ማርሻል አርት፣ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአንዱ አንድ ሙሉ የመከር ወቅት ሰልጥኛለሁ፤ ከዚያም ቤጂንግ ውስጥ በሕዝብ መናፈሻ ጠዋት ጠዋት ታይጂ፣ ማለትም በዝግታ የሚሠራውን የቻይና የፍልሚያ ስልት፣ የሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ ዘንድ ለወራት ተመላልሻለሁ። በምዕራቡ በኩል ደግሞ በአንዲት የጀርመን ከተማ ለዓመታት ቦክስ ተምሬያለሁ፤ በዚያው ከተማ በወርሃዊ ክፍያ የሚሠራ የኩንግፉ ትምህርት ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የጥንቱን የአውሮፓ የሰይፍ ፍልሚያ የሚለማመድ ማኅበር አባል ነኝ። የአንዳቸውንም ስም አልጠራም፤ ምስጋናዬም ሆነ ቅሬታዬ የሚመለከተው ቤቶቹ የቆሙበትን ልማድ ስለሆነ ስሙ ለአንባቢ የሚጨምረው ነገር የለም።

የየትኛው ቡጢ ይከብዳል፣ የየትኛው እርግጫ ይፈጥናል የሚለውን ለሌሎች እተወዋለሁ። እኔ የምመዝነው አንድ ሰው በሩን ካንኳኳበት ቀን አንስቶ ትቶ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚሰጠው ነው። የደረስኩበትንም ከመነሻው ልናገር፦ የቻይናው ባህላዊ ቤት ተማሪውን እንደ ዘመድ ይቀበለዋል፤ የምዕራቡ ቤት እንደ ደንበኛ ወይም እንደ አባል ይቀበለዋል። ጥያቄ መጠየቅ፣ ስሕተትን ማረም፣ ገንዘብ መክፈል፣ ተሰናብቶ መሄድ፣ እነዚህ ሁሉ በሁለቱ ቤቶች የተለያየ መልክ የያዙት በዚህ በአንዱ ምክንያት ነው።

የምዕራቡ አገባብ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ወይም ሁለት የሙከራ ትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ የወደደው ሰው ቅጽ ይሞላል፣ የጤናውን ሁኔታ ያሳውቃል፣ ክፍያው በየወሩ ከባንክ ሂሳቡ እንዲቆረጥ ይፈቅዳል፣ የቤቱን ደንብ አንብቦ ይፈርማል። የቦክስ አሰልጣኜ በመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠየቀኝ፣ የራሱንም ያለ ምንም ማዕረግ ነገረኝ፤ ሃያ ዓመት ያህል የሚበልጠኝን ሰው «አንተ» ብዬ መጥራት ለብዙ ሳምንታት አንደበቴን ይይዘው ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ይህ ንቀት አልነበረም። ሰውዬው አክብሮትን የሚለካው በሰዓቱ በመድረስ፣ የእጅ መጠቅለያን በሥርዓት በማሰርና የልምምድ ጓደኛን ሳይጎዱ በመምታት ነበር።

ቤጂንግ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አዛውንቱ ዘንድ የወሰደኝ ከእሳቸው ለዓመታት የተማረ ወዳጄ ሲሆን፣ ያለ አስተዋዋቂ ሰው ሄዶ «አስተምሩኝ» ማለት ነውር መሆኑን አስቀድሞ ነግሮኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍያ የጠየቀኝም ሆነ የትምህርት ፕሮግራም የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ከንጋቱ 12 ሰዓት እደርሳለሁ፤ ከሁሉ ኋላ ቆሜ የሚሠሩትን እከተላለሁ፤ እሳቸውም አልፎ አልፎ በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን በሁለት ጣት ተጭነው ዝቅ ያደርጉና ምንም ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ደጅ መጥናት ማለት በትክክል ይህ ነበር። የሚመለከቱት ችሎታዬን ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ግን የሚመለከቱት ዝናብ ባለበት ቀን እመጣ እንደሆነ፣ ትንሿን ልጅ እንዴት እንደማናግር፣ የሌላውን ስሕተት ሳይ ምን እንደማደርግ ነበር። በቻይና ውደ የሚባለው፣ የፍልሚያ ሰው ሊኖረው የሚገባ ሥነ ምግባር፣ ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚፈተነው እንዲህ ነው።

እዚያ ያለ ሰው ሁሉ እኩል ተማሪ አይደለም። የሚመላለስ ተማሪ አለ፤ በሥርዓት የተቀበሉት ደቀ መዝሙር አለ። ባይሺ የሚባለውን የመቀበያ ሥርዓት እኔ አልፈጸምኩትም፤ በእንግድነት ግን አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ደቀ መዝሙር የሚሆነው ሰው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ሻይ ያቀርባል፤ መምህሩን እንደሚያከብርና ጥበቡን እንደማያዋርድ የሚገልጽ ደብዳቤ ያነብባል፤ በቀይ ፖስታ ስጦታ ይሰጣል፤ ምስክሮች ባሉበትም ስሙ በትውልድ ሐረጉ ውስጥ ይገባል። በደቡብ ቻይናና በሆንግ ኮንግ ባሉ ብዙ የፍልሚያ አዳራሾች፣ ውጓን በሚባሉት፣ ይህ የሚደረገው የቀደሙት መምህራን ፎቶግራፎችና የጦረኛው የጓን ዩ ምስል በተቀመጡበት፣ ዕጣን በሚጤስበት መሠዊያ ፊት ነው። ያየሁት ሰው የአርባ ዓመት ጎልማሳና የራሱ ድርጅት ያለው ነበር፤ ሻዩን ሲያቀርብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በየትኛውም የማርሻል አርት አዳራሽ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ስለ ቻይና ቤቶች የማስበውንም ከሁሉ ይልቅ የለወጠው እሱ ነው።

ከሥርዓቱ በኋላ ሰዎቹ የሚጠራሩት በዘመድ ስም ነው። መምህሩ ሺፉ ይባላሉ። ይህ ቃል በቻይንኛ ሁለት አጻጻፍ አለው፤ አንዱ በማንኛውም ሙያ የሠለጠነን ሰው፣ ሾፌሩንና ወጥ ቤቱን ሳይቀር፣ በአክብሮት ለመጥራት ያገለግላል፤ ሌላው ግን «አባት» የሚለውን ፊደል የያዘ ሲሆን ደቀ መዝሙር ለመምህሩ የሚጠቀምበት እሱን ነው። የመምህሩ ሚስት ሺሙ ናቸው፤ በዚህ ቃል ውስጥ ያለችው «እናት» ናት። ቀድሞ የገባ ወንድ ሺሲዮንግ፣ ታላቅ ወንድም፣ ይባላል፤ ቀድማ የገባች ሴት ሺጂዬ፣ ታላቅ እህት፣ ትባላለች፤ ዘግይተው የገቡት ሺዲና ሺሜይ ናቸው። ታላቅነቱ የሚቆጠረው በልደት ዘመን ሳይሆን በገቡበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ጡረታ የወጡ አንዲት እናት ገና የሃያ ዓመት ወጣትን «ታላቅ ወንድሜ» ብለው ሲጠሩት፣ እሱም በበኩሉ ውኃቸውን ሲይዝላቸውና ጉልበታቸው እንዳይታጠፍ ሲጠብቃቸው አይቻለሁ። ታላቅነት ማዘዝን ብቻ ሳይሆን መሸከምንም ያስከትላል። ጀማሪውን በአብዛኛው የሚያስተምረውም መምህሩ ሳይሆን ይህ ታላቅ ወንድም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማንሳት አለብኝ። ቻይና ሄዶ ኩንግፉ መማር የሚፈልግ የውጭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከላይ የገለጽኩት ዓይነት ቤት ሳይሆን ዴንግፌንግ ነው። የሻኦሊን ገዳም በሶንግ ተራራ ሥር እ.ኤ.አ. በ495 የተመሠረተ ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉት ታላላቅ የግል ትምህርት ቤቶች ግን የቅርብ ጊዜ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ታጎ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ተማሪዎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የገዳሙን ስም በመላ ቻይና ያስጠራ ፊልም ከወጣ በኋላ ደግሞ ወጣቱ ወደ ከተማዋ በገፍ ጎረፈ። በእነዚህ ቤቶች ሻይም መሠዊያም የለም። ልጆቹ ጎህ ሳይቀድ በሰልፍ ይሮጣሉ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይሰለጥናሉ፣ በመካከሉ የቀለም ትምህርት ይማራሉ፤ የሚያሰለጥናቸው ሺፉ ሳይሆን ጂያኦልየን፣ ማለትም አሰልጣኝ፣ ይባላል። ብዙዎቹ የሠራተኛና የገበሬ ልጆች ሲሆኑ ወላጆቻቸው የሚጠብቁት ጥበቡን ሳይሆን ሥራን ነው፤ ወታደር፣ ፖሊስ፣ የግል ጠባቂ፣ የስፖርት መምህር፣ ዕድል ከቀናቸውም የፊልም ተዋናይ እንዲሆኑላቸው። ስለዚህ «የቻይና ትምህርት ቤት» ስንል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ ትልቁ አዳሪ ቤት በአሠራሩ ከመናፈሻው አዛውንት ይልቅ ለጦር ካምፕ ይቀርባል።

እኔ በነበርኩበት አዳሪ ቤት የውጭ አገር ሰዎች በተለየ ሕንፃ እናድራለን፣ በተለየ ሰዓት እንመገባለን፣ ከቻይናውያን ልጆች ብዙ እጥፍ እንከፍላለን፤ ሥልጠናችንም ለብቻ ነበር። አሰልጣኞቻችን ወጣቶችና ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ጎብኚ እንዳይሰለች ብለው በየሳምንቱ አዲስ ታኦሉ፣ ማለትም የተቀናጀ የእንቅስቃሴ ቅንብር፣ ያስጀምሩን ነበር። የጂበንጎንግ ሥራው፣ መሠረታዊው የአቋቋምና የመለጠጥ ልምምድ፣ ሳይጸና በላዩ ላይ ቅንብር ሲደረብ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስድስት ቅንብር ይዤ ተመለስኩ፣ አንዱንም አልያዝኩትም። ከዚህ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አሰልጣኙ የደከመን ልጅ በዱላ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ። ቺኩ፣ «መራራን መብላት»፣ የሚለውን የቻይናውያን አባባል በሙሉ ልቤ አከብራለሁ፤ ያለ መራራ ልምምድ ኩንግፉ የለም፤ ቃሉ ራሱ በጊዜና በድካም የሚገኝ ችሎታ ማለት ነው። ይሁንና ራስን ለመራራ ነገር ማቅረብና የዘጠኝ ዓመት ልጅን መምታት አንድ አይደሉም። ልጁን እዚያ ለማሳደር የሚያስብ ወላጅ ቢጠይቀኝ፣ የልምምዱን ሰዓት ሳይነገራቸው ሄዶ እንዲያይ እመክረዋለሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ራሱ ልምጣ። መናፈሻው ውስጥ ለአንድ ወር ተኩል ያህል የተሰጠኝ ሥራ እንደ ምሰሶ መቆም ብቻ ነበር። ጉልበት ላላ ይላል፣ ወገብ ወደ ታች ይለቀቃል፣ ክንዶች ትልቅ እንስራ እንዳቀፉ ይሆናሉ፤ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ በኋላ ሃያ። ለምን እንደምቆም ጠየቅሁ። አዛውንቱ «ቁም» አሉኝ። በሳምንቱ ደግሜ ብጠይቅ፣ አንድ ሺሲዮንግ ወደ ጎን ወሰደኝና መምህሩ ዝም ያሉት መልሱ በእግሬ ውስጥ ገና ስላልገባ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ እጅ ለእጅ ተገናኝቶ በመገፋፋት በሚደረገው የቱይሾው ልምምድ ላይ አዛውንቱ ሲገፉኝ፣ ግፊታቸው በጀርባዬ አልፎ ወደ ተረከዜ ወረደና መሬት ውስጥ ጠፋ፤ እኔም ሳልወድቅ ቆምኩ። እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ይህን ነገር አስቀድመው በቃል ቢነግሩኝ ኖሮ ቃሉን እይዝ ነበር እንጂ ነገሩን አልይዝም ነበር።

ቦክሱ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ያልተብራራ ነገር የለም። ተረከዝ ለምን እንደሚዞር፣ አገጭ ለምን እንደሚደበቅ፣ ግራ እጅ ከወጣች በኋላ ለምን በመጣችበት መንገድ እንደምትመለስ አሰልጣኙ ይናገራል፣ ያሳያል፣ ጥያቄ ይቀበላል፤ «ሌላ አሰልጣኝ በተቃራኒው ነግሮኛል» ቢባል እንኳ ሳይቆጣ ሁለቱንም በከረጢቱ ላይ ያስሞክራል። ሁሉም ነገር በደወል ነው፤ ሦስት ደቂቃ ሥራ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1867 ለንደን ላይ በኩዊንስቤሪ ማርኪስ ስም ከታተሙት ደንቦች የወረደ ልክ ነው። በሁለተኛው ወር የጭንቅላት መከላከያ አጥልቄ በቀላል ምት ከሰው ጋር ገጠምኩ። በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ የማውቅ የመሰለኝ አብዛኛው ነገር ከእጄ ወደቀ፤ የቀረችው አንዲት ግራ እጅ ብቻ ነበረች። አሰልጣኙም «እሷ የአንተ ናት፤ ሌላውን ገና ታገኘዋለህ» አለኝ። ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ይህን ነው፤ በምዕራቡ የፍልሚያ አዳራሽ ተማሪው ራሱን የሚያታልልበት ጊዜ አጭር ነው።

በቻይናው ባህላዊ ቤት ውስጥ ይህ ጊዜ በጣም ሊረዝም ይችላል፤ የዘመድነቱ ትልቁ ጉዳትም ይህ ነው። መምህሩ አባት ከሆኑ የአባትን ስሕተት ማን ይናገራል? ደቀ መዝሙሩ ሲገፉት አንድ እርምጃ መሄድ ሲገባው ሦስት እርምጃ ይሄዳል፤ ይህን የሚያደርገው ለማታለል ሳይሆን ለማክበር ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን መምህሩም ደቀ መዝሙሩም ሦስቱን እርምጃ ያምኑታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ቼንግዱ ከተማ ውስጥ ሹ ሺያኦዶንግ የተባለው የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ አንድን የታይጂ መምህር ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲያሸንፍ አገሩን ሁሉ ያናወጠው፣ የአንድ ሰው ሽንፈት ብቻ ስላልነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የቻይና ውሹ ማኅበር ባለሙያዎች ራሳቸውን በራሳቸው «ታላቅ ሊቅ» እያሉ እንዳይጠሩ በይፋ አሳስቧል። እኔ ግን ከዚህ ተነስተው ታይጂን በጠቅላላ ከንቱ የሚሉትን አልቀበልም። የጎደለው የጥበቡ ሥር ሳይሆን የመፈተኛው ቦታ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱን ሳንዳ፣ ማለትም የቻይናውን የነፃ ፍልሚያ ስፖርት፣ ወደሚያሰለጥኑ ቤቶች የሚልኩ የታይጂ መምህርም አጋጥመውኛል።

ምዕራቡም ቢሆን የራሱ ራስን የማታለያ መንገድ አለው፤ ስሙም ቀበቶ፣ ማለትም በወገብ የሚታሰረው የደረጃ ምልክት፣ ነው። በጀርመን የገባሁበት የኩንግፉ ትምህርት ቤት የዓመት ውል አስፈርሞኝ፣ በየሦስት ወሩ የደረጃ ፈተና ያዘጋጅ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፈተና የተለየ ክፍያ አለ፤ በቆየሁበት ዓመት ተፈትኖ የወደቀ አንድም ሰው አላየሁም። ግድግዳው ላይ የሻኦሊን መነኩሴ ሥዕል፣ በር ላይ ጎንበስ ብሎ እጅ የመንሣት ሥርዓት፣ መምህሩን «ሺፉ» ብሎ የመጥራት ግዴታ ነበረ፤ የዘመድነቱ ቃል ሁሉ አለ፣ የዘመድነቱ ሸክም ግን በየትኛውም ወገን አልነበረም። አንድ ጊዜ ታምሜ ስድስት ሳምንት ስቀር ከዚያ ቤት የደረሰኝ መልእክት የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። ከአምስቱ ቤቶች አጥብቄ የማልመክረው ይህን ዓይነቱን ነው።

ደግሞም ቀበቶው የቻይና አይደለም። ኖሮም አያውቅም። ጥቁር ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ከመሠረቱት ከጃፓናዊው ካኖ ጂጎሮ ቤት የወጣ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ ቀለማት መከፋፈሉን በአውሮፓ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ያስተማሩት ሚኮኖሱኬ ካዋይሺ ናቸው። የአውሮፓ ተማሪ ወዴት እየሄደ እንደሆነ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ ቀለሙ ያንን ሰጠው። ቻይናም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1998 ዘጠኝ እርከን ያለው የውሹ ደረጃ ሥርዓት አውጥታለች፤ በመናፈሻው ግን ስለ እርከኑ ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም።

ወደ ሰይፍ ማኅበሩ ከገባሁ በኋላ ነው «የምዕራብ ባህል» እና «የቻይና ባህል» ብሎ በቀጥተኛ መስመር መክፈል እንደማይቻል የገባኝ። አውሮፓም በአንድ ዘመን ደጅ አስጠኚ ነበረች። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው የጀርመኑ የሰይፍ ሊቅ ዮሐንስ ሊክተናወር ትምህርቱን ያስተላለፈው የውጭ ሰው እንዳይረዳው ሆን ተብሎ በተሰወሩ ግጥሞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1487 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሦስተኛ «የረጅም ሰይፍ ሊቅ» የሚለውን ማዕረግ የመስጠት መብት ለቅዱስ ማርቆስ ወንድማማቾች ማኅበር ሰጡ፤ ፈተናውም ፍራንክፈርት ላይ ይካሄድ ነበር። ለንደን ውስጥ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1540፣ እውቅና ያገኘው የመከላከያ ጥበብ ሊቃውንት ማኅበር አራት እርከኖች ነበሩት፤ ከተማሪነት ወደ ሊቅነት መውጣት የሚፈልግ ሰው በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ፣ ከማዕረጉ ባለቤቶች ጋር በየመሣሪያው ተራ በተራ መግጠም ነበረበት። ይህን ሳነብ የኩንግፉ ቤቱን የቀበቶ ፈተና አስቤ አዘንኩ።

በተቃራኒው ቻይናም የፊርማ ቤት ነበራት። ጂንግው የተባለው የማርሻል አርት ማኅበር ሻንጋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1910 ሲቋቋም፣ ስሙ ከማኅበሩ ጋር የተያያዘው ታዋቂው ተፋላሚ ሁዎ ዩዋንጂያ በዚያው ዓመት ቢያርፍም፣ ማኅበሩ የልዩ ልዩ ስልት መምህራንን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ፣ የአባልነት ክፍያ ተቀብሎ፣ «ለወንድ ልጅ እንጂ ለሴት ልጅ አይተላለፍም» የሚለውን የቆየ ልማድ ጥሶ ሴቶችን ጭምር አሰልጥኗል። እ.ኤ.አ. በ1928 ናንጂንግ ላይ የተቋቋመው የማዕከላዊ ጉዎሹ (የያኔው የቻይና ማርሻል አርት መጠሪያ) ተቋም ደግሞ ያንኑ ዓመት አገር አቀፍ ፈተና አዘጋጅቶ፣ ተፈታኞችን በእውነተኛ ፍልሚያ አገናኝቷል። እንግዲህ ዘመድነትም ሆነ ውል የደም ጉዳይ አይደሉም፤ ሰዎች በየዘመናቸው የሠሯቸው ቤቶች ናቸው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። የምዕራቡ ክፍያ ከፊት ይታወቃል፤ ከተከፈለ በኋላ ዕዳ የለም። የባህላዊው ቻይና ቤት ክፍያ ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ አይጠየቅም፤ ቀድሞ በደቡብ ያሉ ብዙ መምህራን የሚተዳደሩት ከተማሪ ክፍያ ይልቅ የተሰበረና የወለቀ አጥንት በማከም ነበር። ነገር ግን በበዓል ቀይ ፖስታ አለ፣ በልደታቸው ግብዣ አለ፣ ቤት ሲቀይሩ ጉልበት አለ፤ ዕዳው በቁጥር ስለማይጻፍ አያልቅም። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ከባድ ነው። ለእኔ ግን አዛውንቱ ጉንፋን ይዟቸው መድኃኒት ይዤላቸው የሄድኩበት ቀን ከትምህርቱ ቀናት ሁሉ የበለጠ ከእሳቸው ጋር ያወራሁበት ነው።

ከምዕራቡ ቤቶች ሁሉ የምወደው አሁን ያለሁበትን ነው። በጀርመን ፌራይን የሚባለው የተመዘገበ ማኅበር ለመመዝገብ ቢያንስ ሰባት አባላት ያስፈልጉታል፤ ሊቀ መንበሩንና ገንዘብ ያዡን ጠቅላላ ጉባኤው ይመርጣል። አሰልጣኞቻችን ቀን የራሳቸውን ሥራ ውለው ማታ የሚመጡ አባላት ናቸው፤ ክፍያችን ለአዳራሹ፣ ለመድንና ለመከላከያ ጭምብሎች ይውላል። ባለፈው ጉባኤ ጀማሪዎች በስንተኛ ወራቸው ወደ ነፃ ፍልሚያ ይግቡ በሚለው ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ተከራክረን በድምፅ ወሰንን፤ ዋና አሰልጣኙ ተሸነፈ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም በአዲሱ ደንብ አስተማረ። እንዲህ ያለ ነገር በሺፉ ቤት ሊታሰብ አይችልም። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ውስጥ «ይህ ሰው የእኔ ኃላፊነት ነው» የሚል ታላቅ ወንድም የለም፤ ጀማሪው ራሱ ካልጠየቀ ሳይታረም ወራት ሊያልፉት ይችላሉ፣ ዓይን አፋር የሆነም ጥግ ይዞ ይቀራል።

ለማን የቱ ይሻላል ለሚል ሰው፦ በስድስት ወር ውስጥ ራሱን መከላከል የሚፈልግ ቦክስ ይግባ። ጊዜ ያለው፣ ቋንቋውን ትንሽም ቢሆን የሚሞክር፣ ሳይመለስለት መጠበቅ የሚችል ሰው ቻይና ውስጥ ታናሽ ቤት ይፈልግ፤ ከመንበርከኩ በፊት ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ይመላለስ፣ መምህሩ ሌላ ቤት የተማረ እንግዳ ሲገፋቸው ምን እንደሚሆኑም ይይ። ወደ አዳሪ ቤት የሚሄድ የውጭ ሰው ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ ይሂድ፤ በመጀመሪያው ቀንም አንድ ቅንብር ብቻ እንዲያስተምሩት ይጠይቅ። የዓመት ውል የሚቀርብለት ሰው ፈተናው ስንት እንደሚያስከፍልና ስንት ሰው እንደሚወድቅበት ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። በጀርመን ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈረሙ እንዲህ ያሉ ውሎች የመጀመሪያው ዘመናቸው ካለቀ በኋላ በአንድ ወር ማስታወቂያ ሊቋረጡ እንደሚችሉም ይወቅ።

አወጣጤን ተናግሬ ላብቃ። ከኩንግፉ ትምህርት ቤቱ የወጣሁት በደብዳቤ ነው፤ መልሱም ውሉ የሚያበቃበትን ቀን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። የቦክስ አሰልጣኜ ወደ ሌላ አዳራሽ መሄዴን ስነግረው ጓንቱን አውልቆ ጨበጠኝ፣ የሚያውቀውን ጥሩ አሰልጣኝ ስምም ሰጠኝ። ቤጂንግን የምለቅበት ጠዋት ግን ለአዛውንቱ እንዴት እንደምነግር ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤ በእነሱ ልማድ ከመምህር ወደ መምህር መሄድ አባትን እንደ መክዳት ሊቆጠር እንደሚችል ሰምቼ ነበርና። ልምምዱ ካለቀ በኋላ በተሰባበረ ቻይንኛ ነገርኳቸው፤ በአገሬ ልማድም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። እሳቸው ትከሻዬን በሁለት ጣት ተጭነው ዝቅ አደረጉና፣ «በሄድክበት ቁም» አሉኝ።